ዝሆኑን ላላ አድርጊው

በሁለት ጎረቤት ቁልፎች መሐል መቶ እርከን እንዳለ ያወቅሁት ዕድሜዬ አርባን ካለፈ በኋላ ነው። የኪቦርድ ቁልፎች ማለቴ ነው፤ ነጩና ከጎኑ ያለው ጥቁሩ። ኮምቦልቻ ላይ አፀደ ሕፃናት ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ነክቻቸዋለሁ፤ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ቀለማት፣ ስለ ሳምንቱ ቀናት የሚዘምሩ ሕፃናትን አጅቤባቸዋለሁ። አንዱን ስነካው አንድ ድምፅ፣ ሌላውን ስነካው ሌላ ድምፅ። በመሐላቸው ምንም የለም ብዬ ነበር የማምነው። እዚያ መሐል ሰፊ አገር እንዳለ፣ ሰውም እንደሚኖርበት ያሳዩኝ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው አባቴ ናቸው፤ ሁለተኛው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚገኙ ሬዲዮ ጠጋኝ።

የተወለድኩት ከዓባይ ማዶ፣ ጎጃም ነው። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ በገና ደርዳሪም ናቸው። በገና መደርደሩ ሥራቸው አልነበረም፤ ጾማቸው ነበር ብል ይቀላል። በገናው ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርምና ሁዳዴ ሲገባ ይወርዳል። ሲወርድ የመጀመሪያው ሥራ መቃኘት ነው። አሥሩም አውታር የበግ አንጀት ነውና ተሰቅሎ በከረመበት ይላላል። እያንዳንዱ አውታር ከላይ ባለው ቀንበር ላይ በእንጨት ይጠመዘዛል፤ ያንን እንጨት የማዞረው እኔ ነበርኩ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አውታሩን በግራ እጃቸው እየነኩ፣ «ጠበቅ አድርጊው... ጠበቅ... አሁን ላላ... በቃ!» ይሉኛል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የሚናገር ሰው የለም። እናቴ እንኳ ማማሰያዋን ይዛ ባለችበት ትቆም ነበር።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ነበራቸው። አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ያንጎራጉራሉ። «ቆዪ፣ ጉሮሮዬን ልጠይቅ» ይላሉ። የመጀመሪያው አውታር የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ ጸሎቱ እሱ ይመስለኝ ነበር፤ መዝሙሩ የጸሎቱ ማሳረጊያ።

በመምህርነት ተቀጥሬ ወደ ወሎ ስመጣ ይህን ሁሉ ትቼ መጣሁ። ትቼ መጣሁ ማለት እንኳ አይቻልም፤ አንድ ነገር ይዣለሁ። ከአሥር ዓመት በፊት፣ እናቴ ታማ በሁዳዴ አጋማሽ አገሬ የገባሁ ጊዜ፣ አባቴ ሲደረድሩ በስልኬ ቀድቻቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ስልክ ቀይሬያለሁ፤ ያ ቅጂ ግን ከስልክ ወደ ስልክ ሲሻገር ኖሯል። ባለቤቴ ከባድ መኪና ይዞ ሚሌ መንገድ ላይ ስለሚሰነብት ብቻዬን የምውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ልብስ ሳጥብ አደምጠዋለሁ። ጥቅስ ይመስል ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስዱ፣ የት ላይ ዶሮ እንደምትጮህበት ሳይቀር።

እናቴ ካረፈች ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴን ስትሮክ መታቸው። ከሞት ተረፉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግራ እጃቸው ግን ደረታቸው ላይ ተጣጥፎ ቀረ። ወንድሜ በአውቶቡስ ይዟቸው መጣና እኔ ዘንድ ተቀመጡ። ጓዛቸው አንድ ዘንቢልና አንድ ምርኩዝ ነበር።

«በገናዎስ አባባ?» አልኳቸው።

«ለሰንበት ተማሪዎች ሰጠሁት። ለማይደረድር ሰው በገና መስቀል፣ ለማይጭናት ሰው በቅሎ መቀለብ ነው።»

በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። የሞተው ያ እጅ ነው።

ሁዳዴ ገባ። አባቴ ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ግን የለም። ከአልጋቸው ፊት ለፊት ባዶ ግድግዳ አለ፤ እሱን ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን ምሳቸውን ሳቀርብ፣ «ልጄ፣ ድምፄም ከእጄ ጋር ሄዷል መሰለኝ» አሉኝ፣ ስለ ጠፋ ባርኔጣ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው። በነጋታው ምግቡ ሳይነካ ተመለሰ። በሰባ አራት ዓመቱ ፈጣሪውን የሚያናግርበት አፍ የተዘጋበት ሰው፣ ቀስ በቀስ ሌላውንም ይዘጋዋል። የፈራሁት ይህን ነበር። ከአጥቢያችን አንድ ጎልማሳ ዲያቆን በገና ይዞ መጥቶ ደረደረላቸው። መረቁት፤ እስከ ደጅ ሸኝተውታል። ሲመለሱ፣ «ደግ ሰው ነው። ግን በሰው እግር ቤተ ክርስቲያን አይሳለሙም» ብለው ወደ ግድግዳቸው ዞሩ።

በዚያው ሳምንት ለሕፃናቱ አዲስ መዝሙር ልለማመድ የትምህርት ቤቱን ኪቦርድ ርእሰ መምህርቷን አስፈቅጄ ወደ ቤት አመጣሁ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው ወደ ጓዳ ስገባ አንድ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ብቻ፤ ረጅም። ወጣ ስል አባቴ በቀኝ እጃቸው ጣት አንዲት ቁልፍ ተጭነው፣ ጆሮአቸውን አዘንብለው ቆመዋል። ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ይኼን ማነው የቃኘው?»

«ተቃኝቶ ነው የሚመጣው አባባ። ፋብሪካው ነው የሚቃኘው።»

«ፋብሪካው? የማንን ጉሮሮ ሰምቶ?»

መልሴን አልጠበቁም። ሌላ ቁልፍ ነኩ፣ ሌላ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ታማለች። ይቺም። እኒህ ተቀምጠው እንጂ ተቃኝተው አይደለም።» ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ክርክር ሲገጥሙ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። ሐሳቡም የመጣልኝ ያኔ ነው፦ ቁልፍ ለመጫን ግራ እጅ አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ሳልጠይቅ የምገባ ሰው አይደለሁም። የንስሐ አባቴን አገኘኋቸውና ነገሩን ከነፍርሃቴ ነገርኳቸው፤ ኪቦርድ የዘፈን ዕቃ ነው፣ ሠርግና ቡና ቤት የዋለ ነገር ነው አልኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «ቤተ መቅደስ ልታስገቢው ነው?» አሉ።

«ኧረ አባ! በስመ አብ!»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሻል? የአባትሽ ምርኩዝ ከምን እንጨት እንደ ተቆረጠ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? በቤታቸው ይመርኮዙበት።» መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወደ ሌላ ሰው ዞሩ።

ቅዳሜ ኪቦርዱን አቅፌ የደሴን ሚኒባስ ያዝኩ። የሐረጎን ጥምዝምዝ ስንወጣ ረዳቱ፣ «እትዬ፣ በጾም የማን ሠርግ ነው?» እያለ መንገደኛውን አሳቀብኝ። ቧንቧ ውሃ ደርሼ ሰው የጠቆመኝን ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ ጣታቸው በብየዳ ጠባሳ የተዥጎረጎረ ሽማግሌ ናቸው። ድምፅ ማጉያና ሬዲዮ ሆዱ ተከፍቶ በየመደርደሪያው ተጋድሟል።

«ጋሼ» አልኳቸው ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ፣ «ይቺን ቁልፍ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል? እሷን ብቻ። ጎረቤቶቿ ሳይነኩ።»

«በዚህኛው? ወላሂ አይቻልም። ይኼ ሁሉንም አንሥቶ ሁሉንም ያወርዳል እንጂ አንዷን ለይቶ አያውቅም። ለምንሽ ነው?»

«ለበገና።»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት። «ጎጃሜ ነሽ!»

«በምን አወቁ?»

«ጎጃሜ ካልሆነ ማን በጾም ይኼን ተሸክሞ ሐረጎን ይወጣል! እኛ ወሎዎች ቅኝቱን ሁሉ ለአገር ስናድል፣ እናንተ በገናውን ይዛችሁ ቁጭ አላችሁ።»

«በገናው የዳዊት ነው እንጂ የጎጃም አይደለም ጋሼ።»

«ዳውድ ዐለይሂ ሰላምስ የኛም ነቢይ አይደለም እንዴ? እሱ ሲያዜም ተራራው አብሮት ያዜም ነበር እየተባልን ነው ያደግነው።» በአገጫቸው ወደ ደጅ ጠቆሙ። የጦሳ ተራራ ከጣሪያዎቹ በላይ ተገትሮ፣ እንደ ተጠራ ምስክር ዝም ብሎ ያየናል።

የአባቴን ነገር ሲሰሙ ቀልዱን ተዉት። ከላይኛው መደርደሪያ በአሮጌ ሽርጥ የተጠቀለለ ሌላ ኪቦርድ አወረዱ። የዐረብ አገር ነው፤ የዐረቦቹ ዜማ በቁልፎቹ መሐል የሚውል ድምፅ ስላለው አንዲቱን ቁልፍ ለብቻዋ ማውረድና ማንሣት ይችላል አሉኝ። ሲያበሩት አንዲት ትንሽ መስኮት በሰማያዊ ብርሃን ተከፈተች።

«ሁለቱን ቁልፎች አየሻቸው? መሐላቸው መቶ ቦታ ተከፍሏል። አሁን ስሚ።»

አንድ ድምፅ ይዘው አቆዩ። ከዚያው ጋር ሌላ ተመሳሳይ ድምፅ ጨመሩበትና ሁለተኛውን በክብ መዘውር ትንሽ አወረዱት። ሁለቱ ድምፆች ተጣሉ። ሌላ ቃል የለኝም። አየሩ ተንቀጠቀጠ፤ ው-ው-ው-ው የሚል ነገር ጆሮዬ ውስጥ ሳይሆን ደረቴ ላይ ሰማሁ። መዘውሩን ወደ ኋላ እየመለሱት ሲመጡ መንቀጥቀጡ ረጋ፤ ው... ው... ው... እያለ እየሰፋ፣ እየዘገየ ሄደና በመጨረሻ ጠፋ። ሁለቱ አንድ ሆኑ። የቱ የቱ እንደ ነበር እንኳ መለየት አልቻልኩም።

አማተብኩ። አባቴ በልጅነቴ «በቃ!» የሚሉት ይህችን ቦታ ሲያገኙ ነበር ለካ። ያለ መስኮት፣ ያለ ቁጥር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ለስንት ዘመን ያልሰማሁት ነገር በየጎጆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል! እግዚአብሔር የፈጠረው ጆሮ ምን ያህል ረቂቅ ነው!

«ማሻአላህ በይ እንጂ» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው።

«ስሙ ይክበር ይመስገን» አልኩ።

«እሱም ያው ነው።»

ድምፁን መቅረጽ ደግሞ ሌላ ተአምር ነው። ሦስት እጀታዎች አሳዩኝ። «ይኼ ድምፁ ሲወለድ ነው። ይኼ ሲያረጅ። ይኼኛው ሲሞት። በገናሽ እንዴት ነው የሚሞት?»

«ቶሎ አይሞትም። እያጉረመረመ ነው የሚሞተው። ደግሞ ይነዝራል፤ ከያንዳንዱ አውታር ሥር ቁራጭ ቆዳ አለ፣ አውታሩን እየነካካ እንደ ንብ ያስጮኸዋል።»

«ንብ አስገባልኝ ነው የምትይኝ!» እየሳቁ አንድ ወፍራም የባስ ድምፅ መረጡ። በላዩ ቀጭን፣ ሻካራ የክር ድምፅ ደረቡና ሁለቱን በጥቂት እርከን አጣሏቸው። ድምፁ ነዘረ። ክንዴ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ። የብረትና የላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከሬዲዮ አስከሬኖች መሐል፣ የአባቴ ቤት ተከፈተ።

«ውሰጂው» አሉኝ። «እኔ ሠርግ ማጀብ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ እዚህ አቧራ ይጠጣል።»

«ጋሼ፣ አያውቁኝም እኮ።»

«አባትሽን ልታስጸልዪበት አይደል? ፋሲካችሁ ሲደርስ ትመልሺዋለሽ። አብሽሪ፣ አታስቢ። ለኔም ዱዓ አድርጉልኝ በያቸው።»

ያን ሳምንት ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ ይህ ሆነ። አባቴ ዘወትር የሚሠሩባቸውን አምስት አውታሮች በአምስት ቁልፍ መደብኩ፤ ለቀኝ እጃቸው አምስት ጣት። የዓይናቸው ነገር ደካማ ስለሆነ ለሕፃናቱ ደብተር የምለጥፋቸውን ትልልቅ የእንስሳት ሥዕሎች በየቁልፉ ላይ ለጠፍኩ። አውራ ጣት ዝሆን፣ ቀጥሎ አንበሳ፣ ቀጥሎ ቀጭኔ፣ ከዚያ ዝንጀሮ፣ ትንሿ ጣት ርግብ። ከዚያ ስልኬን አጠገቡ አስቀምጬ ያንን የአሥር ዓመት ቅጂ ከፈትኩ። ከስልኩ አንድ ድምፅ፣ ከኪቦርዱ አንድ ድምፅ፤ መንቀጥቀጡ እስኪጠፋ መዘውሩን አዞራለሁ። አንድ እርከን እንኳ ሳልስት አምስቱንም አስታረቅኋቸው፤ ያን ሁሉ ቀን ኪቦርዱን አላጠፋሁትም። እንዲህ የተጠነቀቅኩለት ሥራ በሕይወቴ የለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቴን ደግፌ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጥኳቸው። እጃቸውን በሥዕሎቹ ላይ አኖርኩላቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ዝሆን ነው አባባ።»

«በስተርጅና ከዝሆን ጋር!» አሉና ተጫኑት።

ድምፁ ሲነሣ ፊታቸው ተለወጠ። አንበሳውን ነኩ፣ ቀጭኔውን፣ ዝንጀሮውን። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አምስቱንም አዳርሰው ተመልሰው ወደ ዝሆኑ መጡ፤ ቀና አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

የወጣው ድምፅ ወደ ላይ ተንጠራራ፤ ወደ መጀመሪያው ቃል ሳይደርስ ተሰበረ። ሳል ያዛቸው። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ተሰበረ። ሦስተኛ አልሞከሩም። እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መልካም ድምፅ ነበረው። ሞቷል እኮ፣ ልጄ።»

ወደ አልጋቸው መለስኳቸው። ወደ ግድግዳው ዞሩ። እሑድን እንደዚያው ዋሉ፤ ውኃ ብቻ ጠጡ። ክፉ አደረግሁባቸው ብዬ ነበር ያሰብኩት፤ የተዘጋውን ቁስል በዕቃ ነካካሁት ብዬ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብተን በትምህርት ቤቱ ኪቦርድ አዲሱን መዝሙር ጀመርን። ሕፃናቱ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ከፍ አለባቸው፤ ግማሾቹ ይጮኻሉ፣ ግማሾቹ ይተዋሉ። እንደ ልማዴ፣ ሳላስብ፣ እጄ ወደ ትንሿ አዝራር ሄደና ዜማውን ሁለት ደረጃ አወረደው። ሕፃናቱ ተቀበሉት፤ ክፍሉ ሞላ። እጄ አዝራሩ ላይ ቀረ።

አሥራ አራት ዓመት። በየቀኑ። ሠላሳ ሕፃን ሊደርስበት ወደሚችል ቦታ ዜማውን ሳወርድ፣ «እናንተ ወደ ዜማው ውጡ» ብዬ አላውቅም። አባቴን ግን አሥር ዓመት ወደ ኋላ ውጡ አልኳቸው። ርቆ የሚኖር ሰው ስህተት ነው ይኼ፤ ትቶት የሄደውን ሰው እዚያው ቦታ ላይ ያቆየዋል። እኔ የቃኘሁት ለስልኬ ነው። ለሰውየው አልነበረም።

«ቲቸር፣ ለምን ቆምሽ?»

«ቲቸር አለቀሰች!»

«አላለቀስኩም፤ አቧራ ነው።»

«አቧራ የለም፤ አሁን ጠርገናል!» አለች የፊተኛው ወንበር ላይ ያለችው፣ እንደ መቆጣት ብላ።

ቤት ስደርስ መብራት ሄዶ ተመልሶ ነበር። ኪቦርዱን አበራሁት። መስኮቷ ላይ የነበሩት ቁጥሮች ሁሉ ዜሮ ሆነዋል፤ ያ ሁሉ ቀን የደከምኩበት ቅኝት ተጠርጎ ሄዷል። ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። ትንፋሼን ሰምተው ይሆናል፣ ከአልጋው በኩል ድምፅ መጣ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጠፋ አባባ። መብራት ሲሄድ ቅኝቱ ሁሉ ጠፋ።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግድግዳው ዞረው አዩኝ።

«እና? በገና ያደረ ቅኝት አለው እንዴ? አንቺ እንጨቱን ስታዞሪ አይደለም ያደግሽው?»

ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። «እንግዲያው ይምጡ» አልኳቸው። «ጉሮሮዎን ይጠይቁ።»

ደግፌ ጠረጴዛው ፊት አስቀመጥኳቸው። ስልኬን ጓዳ ወስጄ ሸሽጌዋለሁ። ከዚያ አገጫቸው ወደ ደረታቸው ዝቅ አለ፤ አፋቸው እንደ ተዘጋ አንድ ነገር ተሰማ። መጀመሪያ ከደጅ የሚያልፍ ከባድ መኪና መስሎኝ ነበር። በጣም ዝቅ ያለ ነበር፤ ከማውቀው ሁሉ በታች፣ በአሸዋ ላይ እንደሚጎተት ግንድ የሚሻክር። ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት ስላልተቋረጠ ነው።

እየተከተልኩ ወረድኩ። አንድ ቁልፍ፣ ሌላ ቁልፍ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ። አንዱ ከፍ አለ፤ ቀጣዩ አነሰ። በሁለቱ መሐል ናቸው። መዘውሩን ማዞር ጀመርኩ። አሥር፣ ሃያ። አየሩ ተንቀጠቀጠ፤ የአባቴ ጉሮሮና ማሽኑ ተጣሉ። ሠላሳ። ረጋ እያለ መጣ። ሠላሳ አራት ላይ ጠፋ።

አባቴ እዚያ ነበሩ። አንድም ቁልፍ በሌለበት ቦታ፣ በሁለቱ መሐል፣ ሠላሳ አራተኛው እርከን ላይ ቁጭ ብለው። ድምፃቸው አልሄደም ነበር፤ ማንም ያላንኳኳው ቤት ገብቶ ነበር።

«በቃ!» አሉ። እጄ ቀጥ አለ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ሥዕሎቹን እየላጥኩ ወደ አዲሶቹ ቁልፎች አዛወርኩ። ከዚያ በኋላ የመሩት እሳቸው ናቸው። እየነኩ፣ እየሰሙ። «አንበሳውን ጠበቅ... ጠበቅ... እህ። ዝሆኑን ላላ አድርጊው። ላላ። አይ፣ በዛ፤ መልሺው። ቀጭኔዋ ተንጠራርታለች።»

«ቀጭኔ ምን ታድርግ አባባ፣ ልማዷ ነው።»

«በጾም አትንጠራራ። አውርጂያት።»

አወረድኳት። ዝንጀሮውም ተስተካከለ፣ ርግቢቱም። እና ጀመሩ።

ቀኝ እጃቸው አልተማረም፤ አውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ስቶ ከዝሆኑ ወጣ። ድምፃቸው ሰፊ አልነበረም፤ ከአምስቱ ድምፆች የላይኛይቱን በጭንቅ ነው የሚነካት። ስለ ሞት ነበር የሚያዜሙት፣ ከልጅነቴ የማውቀውን። ያን ጊዜ ስሰማው ሞትን የሚያስፈራራ ሰው ይመስሉኝ ነበር፤ አሁን ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገር ሰው ሆነዋል። ጠረጴዛው ነዘረ፣ በላዩ ያለው ብርጭቆ ነዘረ። እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ነበር፤ መቼ እንደ ተንበረከክሁ አላውቅም። በስልኬ ልቅዳው ብዬ አንድ አፍታ አሰብኩና ደነገጥኩ። ተውኩት።

ያን ቀን ሽሮውን ጠርገው በሉ። «ነጭ ሽንኩርት ትንሽ በዝቶበታል» አሉኝ፤ ደስታዬን ልናገረው አልችልም።

ከዚያ ወዲህ የየቀኑ ሥራችን ይህ ሆነ። ማጥፊያውን ስጫን ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በነጋታው ከሀ እንጀምራለን። ሠላሳ አራት ሁለተኛ አልመጣም። በደንብ የተኙ ቀን ሃያ ይሆናል፤ ደመና በሆነ ቀን ሃምሳ፤ አንድ ቀን ጭራሽ ወደ ቀጣዩ ቁልፍ ወርደው እዚያ ስፈልጋቸው ቆየሁ። የአንድ ሰው ጉሮሮ በየቀኑ ሌላ ቦታ እንደሚያድር ያ ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ኖሬ አላውቅም ነበር።

ለሆሳዕና ጥቂት ቀን ሲቀረው የደሴው ሽማግሌ ለጉዳያቸው ኮምቦልቻ ወርደው፣ «ኪቦርዴ በሕይወት አለ?» እያሉ መጡ። የሱፍ ውኃ ሰጥቻቸው ቁጭ አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት ተጨዋወቱ። ከዚያ አባቴ ቃኙና አዜሙ። ባለሱቁ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ሰሙ። ሲያበቃ «ሱብሃነላህ» አሉ ቀስ ብለው፤ ወደ እኔ ዞረው ደግሞ በሹክሹክታ፦

«ቲቸር፣ በየቀኑ ነው እንዲህ የምትለፉት? ይኼ እኮ ሴቭ ይደረጋል! እቺን አዝራር ተጭነሽ ስትይዣት ነው። አላሳየሁሽም እንዴ? አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ!»

«ምን ይላሉ?» አሉ አባቴ።

«ቅኝቱን ማሳደር ይቻላል ነው የሚሉት አባባ። ነገ እንደ ተቃኘ እንዲቆይዎ።»

አባቴ ዝሆኑን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ተጫኑት። «የነገውን ጉሮሮዬን ማን አይቶልኝ?»

«ወላሂ፣ እሱንስ ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም» አሉ እንግዳችን፣ እጃቸውንም ከአዝራሩ ላይ አነሡ።

የዝሆኑ ድምፅ እንደ ሠራነው ነበርና እያጉረመረመ፣ በድምፅ ማጉያው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ ነው የሞተው። ሦስታችንም እስኪያልቅ ጠበቅነው፤ ከዚያ ማጥፊያውን ተጫንኩ፤ ሰማያዊዋ መስኮት ጨለመች።

«ነገ እንጠይቀዋለን» አሉ አባቴ፣ ምርኩዛቸውን እያነሡ።